ዜሮ ላይ የተኛ ጠቋሚ

«ጋሼ፣ ትሄዳለች አይደል? ታዲያ ምን ጎደላት?»

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተሰጠኝ መልስ ይህ ነበር። አሮጌዋ ዲኤክስ ኮሮላዬ በ80 ትብረር በ20 ታዝግም፣ የፍጥነት ጠቋሚዋ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ካምቢዮው ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ ጥርሷ ተበልቷል። እርሷ ካልዞረች ኬብሉ አይዞርም፤ ኬብሉ ካልዞረ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ማግኔት አይሽከረከርም፤ ጠቋሚው አይነሳም፤ ኪሎ ሜትሩም አይቆጠርም።

መካኒኩን አልወቅስም። የምወቅሰው «ትሄዳለች» የምትባለውን ቃል ነው። መሄድ ብቻውን ከመቼ ወዲህ ጤና ሆነ? ሜዳማውና ሰፊው የሐዋሳ አስፋልት ፍጥነትን ይደብቃል፤ ብስክሌተኛውና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ግን የግምቴን ስሕተት በአካላቸው ይከፍላሉ። ደግሞስ የቆመ ቆጣሪ የሚመቸው ለማን ነው? ለሻጭ! መኪናዋ ታረጃለች፤ ቁጥሯ ግን ልጅ እንደሆነ ይቀራል።

ሌላው መካኒክ «ከሌላ መኪና የተፈታ ማርሽ ልግጠምልዎ» አለኝ። እምቢ አልኩ። የጥርሶቿ ቁጥር ካልተመሳሰለ ጠቋሚው ይነሳል፤ ግን ይዋሻል። የሞተው ቢያንስ መሞቱ ይታያል፤ ሐሰተኛውን ማን ይጠረጥረዋል?

ትክክለኛዋን ማርሽ ሳምንት ሙሉ ፈልጌ አገኘኋት። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ጠቋሚው ከእንቅልፉ ሲነሳ አስቀድሞ ያጋለጠው እኔኑ ነበር፦ 40 ነው ብዬ የምምልበት ፍጥነት፣ ለካ 60 ኖሯል።