የጓሮ አትክልት ከጎመን ይጀመር

ለጀማሪ ቤተሰብ ቲማቲምና ቃሪያ እንዲተከል መምከር ለወረኢሉ ደጋ አይበጅም እላለሁ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ይመታቸዋል። የመጀመሪያ ተክሉ የከሰመበት ቤተሰብም ዳግመኛ አይሞክርም። የሐበሻ ጎመን ግን ብርዱን ይችላል። ቲማቲም ገበያ ያወጣል ይባላል፤ ይሁን፤ የቤቱ ጥያቄ የወጥ ቅጠል ነው።

ያ ወቅት ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ነው፤ ውሃ ቀጂዋም ለአጫጆች ምሳ አድራሿም ያችው እናት ናት። ስለዚህ 1 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ከደጃፍ አጠገብ ይሠራ፤ ሳሙና ያልነካው እጣቢ ይፍሰስበት። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚያቁር መደቡ ከፍ ይበል። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ይቀጠፍ እንጂ ተክሉ አይነቀል፤ ሁለት ሦስት እግር ለዘር ይተው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ዘሩን ለየቤቱ በማንኪያ ቢያከፋፍሉ ይበቃል።