ቁጥሩ የሠራውን እንጂ የሚሠራውን አይነግረንም

ቤዝቦል በእኛ አገር እምብዛም አይታወቅም። ሆኖም ‹‹ተሰጥኦን መለየት›› የሚለውን ትምህርት ለምንማር የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ የአራት ዓመት ኮሌጅ ተጫዋች ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ክለቦች ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ ምርጫ ሊወስዱት ይችላሉ። ከዚያ በፊት መልማዮች ሜዳ ድረስ እየሄዱ ያዩታል። ኳስ የመምታት ችሎታውን፣ የምቱን ኃይል፣ ሩጫውን፣ የክንዱን ጥንካሬና ኳስ አያያዙን ለየብቻ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጡታል፤ 50 መካከለኛ ነው።

በተለይ ከሜዳው ራቅ ብሎ የሚቆመው ተጫዋች፣ በቀኝ ወይም በግራ ጥግ ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው በዱላው ነው። ታዲያ ዱላውን በምን እንመዝን? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የኮሌጅ ውጤቱን ያያል። በኔ እምነት ይህ አይበቃም።

እስቲ አሮን ጃጅን እንውሰድ። በፍሬስኖ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2011 እስከ 2013 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሦስት የውድድር ዘመን የመታው ሆም ራን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ውጭ ያወጣበት ምት፣ 18 ብቻ ነበር። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ‹‹ይሄ ምን ኃይል አለው?›› ይል ይሆናል። ግን ከ2011 ጀምሮ በወጣው መመሪያ የኮሌጅ የብረት ዱላዎች ኳስ የማስፈንጠር ኃይላቸው ተቀንሶ ነበር። ልጁ ደግሞ 2 ሜትር የሚረዝም ነው። በ2013 ኒው ዮርክ ያንኪስ በ32ኛ ተራ ወሰደው። ክለቡ ራሱ ግን ከዚያው ዓመት ምርጫ በ26ኛው ተራ ሌላ የኮሌጅ ተጫዋች አስቀድሞ ነበር፤ ያ ተጫዋች ዋናው ሊግ ሳይደርስ ቀረ።

ጃጅን የተጠራጠሩትም ዝም ብለው አልተጠራጠሩም። ረጅም ሰው እጁም ይረዝማል፤ ዱላው ኳሷ ጋ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በ2016 ዋናው ሊግ ሲገባ በ27 ጨዋታ 42 ጊዜ ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ተሰናበተ። ያን ጊዜ ፋይሉን የዘጋ ሰው አይፈረድበትም። እሱ ግን በዕረፍቱ ወራት አመታቱን እንደገና ሠራ፣ ክለቡም ቦታውን ሰጠው። በ2017 52 ሆም ራን መታ። በ2022 ደግሞ 62 በመምታት የአሜሪካን ሊግን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2017 በስትራይክ የተሰናበተው 208 ጊዜ መሆኑንም አንርሳ። ድክመቱ እውነት ነበር፤ ያላሳየው የልጁን መጨረሻ ነው።

‹‹አንድ የተሳካለትን ሰው መርጦ ማውራት ቀላል ነው›› የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። በ26ኛ ተራ የተመረጠውን ያነሳሁትም ለዚህ ነው። ያው ክለብ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው አሠራር መዝኖ አንዱ ሲሳካ ሌላው አልተሳካም። ምዘና ትንቢት አይደለም። ቢሆንም በጭፍን ከመምረጥ ይሻላል፣ ምክንያቱን በግልጽ እስከጻፈ ድረስ።

ስለዚህ ቅጹ ሦስት ነገር ለይቶ ቢይዝ እላለሁ፦ ዛሬ የሚሠራውን፣ እንደ ቁመት ያለ የማይለወጠውን፣ በሥልጠና የሚለወጠውን። ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ማድረግ ግን ሊታረም የሚችለውን ልጅ ከማይታረመው ጋር ያስወጣዋል። እኛም ነገ አሠልጣኝ ሆነን በአንድ ቀን ሙከራ ታዳጊ ስንመርጥ ‹‹አይሆንም›› የምንለው ልጅ ሌላ ዕድል ላያገኝ ይችላል። ቢያንስ ለምን አይሆንም እንዳልን ጽፈን እናስቀምጥ፣ በዓመቱም ተመልሰን እንየው።