አረጋውያንን ከመውደቅ የሚታደገው መቀመጥ ሳይሆን መንቀሳቀስ ነው

በ2017 ዓ.ም የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሕንፃ እንዲጠናቀቅ ሕዝቡ ከአገር ውስጥም ከውጭም ያደረገው ርብርብ አይዘነጋም። አረጋውያን መጠለያ፣ ምግብና አልጋ ካገኙ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በእግራቸው ቆመው እንዲኖሩ ምን ይደረግ?

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት የሚኖሩ ናቸው። ለሞት የሚዳርገው መውደቅ በብዛት የሚደርሰውም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው። በማዕከላት የሚኖሩ አረጋውያን ደግሞ በብዛት ጉልበታቸው የደከመ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ወይም የተለያዩ መድኃኒቶችን የሚወስዱ በመሆናቸው ይበልጥ ይወድቃሉ።

የተለመደው መልሳችን «እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ እናመጣለን» የሚል ነው። ከአክብሮት የመነጨ ቢሆንም ጉዳት አለው። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው የጭንና የባት ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታውም ይቀንሳል። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሳ ጉልበቱ ይከዳዋል። አንዴ የወደቀ ሰው ደግሞ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ያስቀምጠዋል፤ መቀመጡ መልሶ ያደክመዋል።

ይህን አዙሪት መስበር ይቻላል። በአውስትራሊያ በ16 የአረጋውያን መኖሪያዎች በሚገኙ 221 ሰዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት ለዚህ ማሳያ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለ25 ሳምንታት ቀስ በቀስ እየከበደ የሚሄድ የጡንቻና የሚዛን ልምምድ የሠሩት፣ በኋላም ቀለል ባለ ልምምድ የቀጠሉት አረጋውያን፣ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ መውደቃቸው በ55 በመቶ ቀንሷል። እርግጥ በማዕከላት የተካሄዱ ጥናቶች ሁሉ እኩል ውጤት አላሳዩም። ልምምዱ ለእያንዳንዱ ሰው አቅም የተመጠነና የማይቋረጥ መሆን አለበት።

በአገራችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። በየማዕከሉ በየቀኑ ሊገኙ ባይችሉ እንኳ፣ አረጋውያኑን በየጊዜው መርምረው ልምምዱን ቢያወጡና ተንከባካቢዎችን ቢያሠለጥኑ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ተንከባካቢዎች ሊያከናውኑት ይችላሉ።

እርስዎም በቤትዎ አረጋዊ ካለ ከዛሬ ይጀምሩ። ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ ጋር አስጠግተው፣ አጠገባቸው ሆነው፣ ደጋግመው እንዲነሱና እንዲቀመጡ ያግዟቸው። ከአልጋ ሲነሱ ጥቂት ቁጭ ብለው ይቆዩ። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ሌሊት ብርሃን ይኑረው። የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ይቅር። የእንቅልፍና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ያማክሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ተደጋጋሚ ማዞር ካለባቸው ልምምዱን ከመጀመራቸው በፊት ይመርመሩ።

ወድቀው ዳሌያቸውን ካመማቸው ወይም እግራቸውን መርገጥ ካቃታቸው በጥድፊያ አያንሷቸው፤ ወጌሻም አይሻቸው። ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

አረጋውያንን ማክበር ሁሉንም ነገር እጃቸው ላይ ማድረስ ብቻ አይደለም። አብሯቸው ጥቂት እርምጃ መራመድም ነው።