ከአዋሽ ሜዳ እስከ ሀረና ደን፤ የፓርኮቻችን ዕጣ የሚወሰነው የት ነው?

የዱር እንስሳትን ለማየት ወደ አገራችን የሚመጣ ጎብኚ በአንድ ሳምንት ጉዞ ሦስት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ የተፈጥሮ ገጽታዎችን የመጎብኘት ዕድል አለው። በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ደረቅ የሣር ሜዳ ያገኛል። ወደ ሞጆ ተመልሶ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ወደ ደቡብ ሲያመራ ደግሞ የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነጭ የሶዳና የጨው ሜዳ ይጠብቀዋል። በመጨረሻም በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ወጥቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4 ሺህ ሜትር ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ ወደ ሀረና ጥቅጥቅ ደን ይወርዳል።

ይህ የጉዞ መስመር አስጎብኚ ድርጅቶች ለረጅም ዓመታት የሠሩበት ነው። በመስመሩ ላይ የሚገኙት ሦስቱም ፓርኮች የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት ውስጥ ሲሆን፣ ወሰናቸው ተለይቶ ጥበቃ ተመድቦላቸዋል። ሆኖም ጎብኚው በየደረሰበት የሚያየው የእንስሳቱን ውበት ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ቦታ የተለየ መልክ የያዘ ጉዳትም ነው። የጉዳቶቹ መንስኤ በጥሞና ሲመረመር ደግሞ አብዛኛው ከፓርኩ ወሰን ውጭ የሚገኝ ሆኖ ይታያል።

የዚህ ሐተታ ዓላማም ይህንኑ ማመላከት ነው። የዱር እንስሳት ጉዳይ የፓርክ ጽሕፈት ቤቶችና የስካውቶች ሥራ ብቻ ተደርጎ እስከታየ ድረስ የተፈለገው ውጤት ሊገኝ አይችልም። የውሃ አጠቃቀም ፈቃድ የሚሰጠው፣ መንገድ የሚነድፈው፣ መሬት ለኢንቨስትመንት የሚያዘጋጀውና የእንስሳት ክትባት መርሐ ግብር የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ሁሉ በፓርኮቹ ዕጣ ላይ በየዕለቱ ውሳኔ እየሰጠ ነው።

የአዋሽ ሜዳ፤ በመንገድና በግጦሽ መካከል

756 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአገሪቱ ቀደምት ፓርኮች አንዱ ነው። የኢላላ ሳላ ሜዳ ስያሜ እንደሚያመለክተው የፓርኩ መለያ እንስሳ ሳላ ነው። በሜዳው ላይ የሜዳ ፍየል፣ በቁጥቋጦው ውስጥ አምባራይሌና እንሹ፣ በወንዙ ዳርቻ ደግሞ ዝንጀሮና አዞ ይገኛሉ። ከ450 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች የተመዘገቡበት በመሆኑም የወፍ ተመልካቾች ተመራጭ ስፍራ ነው።

ይሁን እንጂ ፓርኩን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ዋና መንገድ ሰንጥቆት ያልፋል። ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚስተናገድ እንደመሆኑ መጠን በዚህ መንገድ ላይ የከባድ ተሽከርካሪዎች እንቅስቃሴ ሌት ተቀን አይቋረጥም። መንገዱን አቋርጠው ወደ ሌላው ወገን የሚሻገሩ እንስሳት በተሽከርካሪ ተገጭተው ይሞታሉ። የፓርኩ ስካውት አዳኝን መያዝ ይችላል፤ የአንድን ብሔራዊ መንገድ የፍጥነት ወሰን ግን ሊደነግግ አይችልም።

የግጦሹ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በአካባቢው የሚኖሩት የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ በበጋ ወራት የአዋሽን ወንዝ ዳርቻ ይጠቀሙ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመተሐራ የስኳር አገዳ እርሻ ሲስፋፋና ፓርኩም ሲከለል ከዚህ የበጋ መሰማሪያ ሰፊውን ክፍል አጥተዋል። ድርቅ በመጣ ቁጥር ከብቶቻቸውን ወደ ፓርኩ የሚያስገቡት ሕግ ለመጣስ ካላቸው ፍላጎት ሳይሆን ሌላ አማራጭ በማጣታቸው ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በመሆኑም ከፓርኩ ውጭ ውሃና የከብት መኖ ማቅረብ የልማት ሥራ ብቻ ሳይሆን የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራም ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

በዚህ ላይ የመጤ ዛፉ የፕሮሶፒስ መስፋፋት ይታከላል። ይህ ዛፍ በአፋር ቆላማ አካባቢዎች ሲተከል የታሰበው በረሃማነትን ለመከላከል ነበር። ዛሬ ግን ከፓርኩ በስተሰሜን የሚገኘውንና የሜዳ አህያ መኖሪያ የሆነውን የአላይደጌን ሜዳ ጨምሮ ሰፋፊ የሣር መሬቶችን እየዋጠ፣ የቤትና የዱር እንስሳትን እኩል ከመኖ እያራቀ ነው።

የአብጃታ ሶዳ ሜዳ፤ የውሃ ሒሳብ

የጉዞው ሁለተኛ ምዕራፍ ችግሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በዋነኛነት የተቋቋመው ለውሃ አዕዋፍ ነው። የሻላ ሐይቅ እጅግ ጥልቅ ሲሆን ዓሣ የለበትም ማለት ይቻላል፤ በደሴቱ ላይ ግን ነጭ ፔሊካኖች ይራቡ ነበር። አብጃታ በአንጻሩ ጥልቀት የሌለውና በቆሮሶ ዓሣ የበለጸገ ነበር። ፔሊካኖቹ በአንደኛው ሐይቅ እየጎጆሉ ከሌላው ይመገቡ ነበር። ፍላሚንጎዎች ደግሞ የአብጃታን ዳርቻ ሮዝ ቀለም ያለብሱት ነበር።

ዛሬ ጎብኚው በአብጃታ ዳርቻ ላይ ሲቆም በመጀመሪያ የሚያየው ውሃ ሳይሆን ውሃው የሸሸበትን ሰፊ ነጭ ሜዳ ነው። ተሽከርካሪ ወደ ሜዳው ቢገባ የሶዳው ቅርፊት ተሰብሮ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ 190 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የሐይቁ ስፋት በአሁኑ ወቅት በግማሽ ያህል ቀንሷል። የውሃው ጨዋማነት እየጨመረ በመሄዱ የዓሣው ሀብት ተመናምኗል፤ ከዓሣው ጋርም ዓሣ በል አዕዋፍ ርቀዋል።

መንስኤው ምንድን ነው ቢባል መልሱ ከፓርኩ በስተሰሜን ይገኛል። አብጃታ መውጫ የሌለው የመጨረሻ ሐይቅ ነው። ዋነኛው የውሃ ምንጩ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ሲሆን፣ ዝዋይም በበኩሉ በመቂና በከታር ወንዞች ይመገባል። በእነዚህ ወንዞች ላይና በዝዋይ ዙሪያ በአነስተኛ ገበሬዎች፣ በባለሀብቶችና በአበባ እርሻዎች የሚካሄደው መስኖ በየዓመቱ ተስፋፍቷል። ዝዋይ ዝቅ ባለ ቁጥር የቡልቡላ ፍሰት ይቀንሳል፤ ቡልቡላ በቀነሰ ቁጥር አብጃታ ይሸሻል። ከዚህም በተጨማሪ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ከሐይቁ በቀጥታ ውሃ እየተሳበ ሶዳ አሽ ሲመረት ቆይቷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ሐይቁን ለብቻው ያደረቀ አንድም ፈቃድ የለም። እያንዳንዱ የውሃ ፓምፕ፣ እያንዳንዱ የመስኖ ቦይና እያንዳንዱ የእርሻ ፈቃድ ተነጥሎ ሲታይ አነስተኛና ተገቢ ምክንያት ያለው ነበር። መስኖው ለሺዎች እንጀራ ሆኗል፤ የውጭ ምንዛሪም አስገኝቷል። ችግሩ ፈቃዶቹን በአንድ ላይ ደምሮ ለአብጃታ የሚቀረው ውሃ ስንት እንደሆነ የሚያሰላ ክፍል አለመኖሩ ነው። ከሁሉም በኋላ የሚደርሰው ሐይቅ ከሌሎች የተረፈውን ብቻ ይወስዳል። የተረፈ ከሌለም ይደርቃል።

ከዚህ ጋር የበሰቃ ሐይቅ ታሪክ ሲነጻጸር ትምህርቱ ይጎላል። በአዋሽ ፓርክ ምዕራባዊ ጠርዝ የሚገኘው በሰቃ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ይሸፍን የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ መንገድና የግጦሽ መሬት አጥለቅልቋል። ለመስፋፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውሃ ነው። በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንዱ ሐይቅ ሲሰፋ ሌላው ይጠባል፤ ሁለቱም ግን የውሃ አጠቃቀማችን መስታወቶች ናቸው።

የሀረና ደን፤ ተስፋውና ሥጋቱ

እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 2 ሺህ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 በታች ከሚሆኑ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በዚሁ ነው። የደጋ አጋዘን በጋይሳይ ሜዳ በመንጋ ይታያል። ከሳነቴ በስተደቡብ የሚገኘው የሀረና ደን ደግሞ የዱር ቡና፣ የቀርከሃ፣ የባሌ ጦጣ፣ የተኩላና የአንበሳ መኖሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2023 በሪያድ በተካሄደው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ 45ኛ ስብሰባ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለአገሪቱ ታላቅ ድል ነው።

ሆኖም መመዝገብ የጥበቃ መጨረሻ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት እንደወሰደበት ማስታወስ ይገባል።

በባሌም ሥጋቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። በሽታው በ2008 እና በ2014ም ተመልሶ መጥቷል። ወደ ቀበሮዎቹ የሚያስተላልፉት ደግሞ ከሰፋሪዎችና ከእረኞች ጋር ወደ ፓርኩ የሚገቡ የቤት ውሾች ናቸው። ስለዚህም የአንድ ወረዳ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት የውሻ ክትባት ዘመቻውን በወቅቱ ማካሄዱ ወይም ማዘግየቱ ከአንድ መቶ ጠመንጃ ይበልጥ በቀይ ቀበሮ ሕልውና ላይ ወሳኝ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ ውሻውን፣ እረኛውንና ቀበሮውን በአንድ ጊዜ ይታደጋል።

በአንጻሩ ሀረና የሚያበረታታ ተሞክሮም አለው። በባሌ ኢኮ ሪጅን የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ደኑን እንዲጠብቁና ከዱር ቡናው፣ ከማሩ እንዲሁም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ እንዲጋሩ መንገድ ከፍቷል። ከደኑ የሚጠቀም ገበሬ ደኑን ከእሳት ለመጠበቅ ቀስቃሽ አያሻውም። ጉዳዩ የአካባቢው ነዋሪ ብቻም አይደለም። ከባሌ ተራሮች በሚመነጩት ወንዞች በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላማ አካባቢዎች የሚኖሩ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወት የተመሠረተ ነው።

የአንድ አጥር ትምህርት

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። የዱር እንስሳት ሳፋሪ ከኢኮኖሚዋ ዋና ዋና ዘርፎች አንዱ በሆነባት ቦትስዋና የኦካቫንጎን ረግረግ ከማክጋዲክጋዲ የጨው ሜዳ የሚያገናኝ የሜዳ አህዮች የፍልሰት መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የከብት በሽታን ለመከላከል የተዘረጋ አጥር መስመሩን ዘጋው። አጥሩን የዘረጋው የእንስሳት ጤና ሥራ እንጂ የፓርክ ውሳኔ አልነበረም። አጥሩ በ2004 ሲነሳ የሜዳ አህዮቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጥንቱን መንገድ እንደገና መከተል ጀመሩ። በአጥሩ ዘመን ከተወለዱት መካከል ያንን ፍልሰት ያየ አንድም ባይኖርም ዝናቡንና ሣሩን ተከትለው መንገዱን አገኙት። አንድ አስተዳደራዊ ውሳኔ የዘጋውን ሌላ አስተዳደራዊ ውሳኔ ከፈተው።

ምን ይደረግ?

በአገራችን ለዚህ የሚሆን የሕግ መሠረት አልጠፋም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ዘርፉን የሚመራ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ከእነዚህም ቀደም ብሎ የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የኢንቨስትመንት፣ የንግድ ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ፕሮጀክቱ የአካባቢ ይሁንታ ማግኘቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። የሕጉ ግዴታ የተጣለው በፓርኩ ላይ ሳይሆን በፈቃድ ሰጪው ላይ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

በመሆኑም ሦስት ተግባራት ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። አንደኛ፣ በአብጃታ ተፋሰስ አዲስ የውሃ ፈቃድ ሲጠየቅ ጥያቄው ብቻውን ሳይሆን ቀደም ሲል ከተሰጡት ፈቃዶች ድምር ጋር እንዲመዘን፣ ለሐይቁም የማይነካ የውሃ ድርሻ እንዲለይ ማድረግ። ሁለተኛ፣ በፓርኮች ውስጥ በሚያልፉ መንገዶች ላይ የፍጥነት መቀነሻና የእንስሳት መሻገሪያ ከመንገዱ ግንባታና ጥገና በጀት ጋር አብሮ እንዲያዝ ማድረግ። ሦስተኛ፣ በፓርክ አዋሳኝ ወረዳዎች የመኖ፣ የውሃና የእንስሳት ክትባት ዕቅዶች ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋር በጋራ እንዲዘጋጁ፣ አፈጻጸማቸውም በጋራ እንዲገመገም ማድረግ።

እነዚህ ተግባራት ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተቀመጡ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲገለጡ ነው። ጎብኚው በኢላላ ሳላ ሳላን፣ በአብጃታ ፍላሚንጎን፣ በሳነቴ ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚጠብቀው በፓርኩ በር ላይ ትኬት ቆርጦ ነው። እንስሳቱ በዚያ ሥፍራ መገኘት አለመገኘታቸው ግን አስቀድሞ በሌላ ቦታ፣ በአንድ ፈቃድ ላይ በሰፈረ ፊርማ የሚወሰን ነው። ፊርማውን የሚያኖር ኃላፊ ሁሉ ይህንን ተገንዝቦ ሊወስን ይገባል።