የኢንተርኔት ትምህርት በምን ቁና ይሰፈር?

በዚህ ዘመን ትምህርት ፈላጊው ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ ቀርቶ፥ ትምህርት ቤቱ ራሱ ወደ ፈላጊው እጅ መምጣት ጀምሯል። የእጅ ስልክ ያለው ሰው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ቢሻ፥ የኮምፒዩተር ቋንቋ ቢሻ፥ እንግሊዝኛ ቢሻ፥ አስተማሪው በኢንተርኔት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ገበያው በሰፋ ቁጥር ሳይነሣ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ይህ ሁሉ ትምህርት በምን ቁና ይሰፈራል? ቁናውንስ የያዘው ማን ነው? የሚል ነው። እህል ሻጭ የገዛ ቁናውን ይዞ ገበያ ቢወጣ፥ ገዢው ቁናውን ገልብጦ ማየቱ አይቀርም። ስለ ትምህርት ሲሆን ግን ብዙዎቻችን ቁናውን ሳናይ ስልቻችንን እንከፍታለን።

የኢንተርኔት ትምህርት አዘጋጆች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ አስቀድመው የሚጠሩት የተመዝጋቢውን ብዛት ነው። በአሜሪካ ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲና ኤም አይ ቲ የተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም፥ ኢዴክስ በሚባለው መድረክ አማካይነት ለዓለም ሁሉ የከፈቱትን ትምህርት ሁለት ተመራማሪዎች መርምረው፥ የደረሱበትን በጥር ወር 2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት አውጥተውት ነበር። በዚያ ጥናት እንደ ተገለጸው፥ በ2017/18 የትምህርት ዓመት ከተሳተፉት ሁሉ ትምህርቱን የጨረሱት ከመቶ 3.13 ብቻ ናቸው። ከተመዘገቡትም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት የትምህርቱን በር እንኳ ከፍተው አልገቡም። ገንዘብ ከፍለው የተረጋገጠ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ከቆረጡት መካከል ግን 46 ከመቶው ጨርሰዋል። እነዚህ በዓለም አንቱ የተባሉ ተቋማት ናቸው፤ የመምህር ችግርም የለባቸውም። እንግዲህ የተመዝጋቢ ብዛት የሰውን ጕጕት ይነግረን እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ ስለ ትምህርቱ የሚነግረን ነገር የለም።

በአገራችን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ወጣቱ ያለ ክፍያ እንዲማር በር በመክፈቱ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን ስሙ ራሱ ቁጥር ነውና፥ ከቁጥሩ ጎን የሚቆም ሌላ መለኪያ እንዲኖረው መመኘታችን እንደ ክፉ አይታይብን።

ከመምህር ተለይቶ በመሣሪያ የሚሰጥ ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተተክሎ፥ ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይተላለፍ ጀመር። የአሳቡ መነሻ መልካም ነበር፤ በቂ መምህር ባልደረሰበት ገጠር ያለው ተማሪ የአዲስ አበባው ተማሪ የሚያየውን ያይ ዘንድ ነው። ሳጥኑ ግን ተማሪው ይግባው አይግባው ሳይጠይቅ ይቀጥላል፤ እጅ ቢያወጡለት አያይም፤ ቆይ ቢሉት አይቆይም። መብራት የጠፋ እንደ ሆነም የዚያ ሰዓት ትምህርት እንደ ጠፋ ይቀራል። መምህሩም በመግቢያና በመደምደሚያ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት፥ በቀረው ጊዜ እንደ ተማሪዎቹ ተመልካች ይሆን ነበር። ስንት ስክሪን እንደ ተተከለ መቍጠር ቀላል ነው። ስንት ተማሪ እንደ ገባው ለማወቅ ግን ተማሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህም አድካሚ ስለ ሆነ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይባላል።

የጥንቱ የፊደል ተማሪ በየኔታ ፊት ቀርቦ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ያነባል፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ሀሁን ሳያጠና ወደ አቡጊዳ፥ አቡጊዳን ሳያጠና ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም። በትሩንና ቁንጥጫውን ማንም መልሱልን አይልም፤ ተማሪውን ሰምቶ የማረሙ ነገር ግን ዛሬም በስልክ ለሚሰጠው ትምህርት ዋና ነገር ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ማስተማር የጀመረው የብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጭምር ያሠራጭ ነበር። ያቆመው ግን ቴሌቪዥኑ አልነበረም፤ ተማሪው በፖስታ የላከውን ሥራ አንብቦ፥ አርሞ፥ አስተያየት ጽፎ የሚመልስለት መምህር ለእያንዳንዱ መመደቡ ነው።

መለኪያው በጊዜ ካልተበጀ የሚመጣውንም አይተናል። በነሐሴ ወር 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርት በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት እንዲቆም ወስኖ ነበር። ምክንያቱ የጥራት መጓደል ነው፤ ስሞታውም መሠረተ ቢስ አልነበረም። ቢሆንም ውሳኔው በሚገባ ያስተማረውንና የምስክር ወረቀት የቸረቸረውን አንድ ላይ የመታ ሆነ። እገዳው ቆይቶ ቢላላም፥ በመካከሉ የተጨነቀው ከደመወዙ ቀንሶ የሚማረው ተማሪ ነው። ጥራትን እንዲጠብቅ በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመ ኤጀንሲ በዚያን ጊዜም ነበረ፤ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚባለው ተተኪው ነው። ስለዚህ የሚቸግረን የመሥሪያ ቤት ማነስ አይመስለንም። ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለይ ወንፊት በእጅ ከሌለ፥ የተቈጣ ሹም አውድማውን በሙሉ መዝጋቱ አይቀርም።

ወንፊቱም የረቀቀ መሆን አያስፈልገውም። ትምህርቱን የሚሰጠው ወገን ስንት ሰው እንደ ጀመረ፥ ስንቱ እንደ ጨረሰ በየዓመቱ በግልጽ ያሳውቅ። ተማሪው የሠራውን መልመጃ አርሞ የሚመልስለት ሰው ማን እንደ ሆነ፥ በስንት ቀንም እንደሚመልስ አስቀድሞ ይጻፍ። ፈተናውን የተፈተነው ሰውና የምስክር ወረቀቱን የወሰደው ሰው አንድ መሆናቸው ይጣራ፤ በስልክ የሚሰጥ ፈተና ወንድም ለወንድም የሚሠራለት ከሆነ ወረቀቱ ምንድን ነው? ኔትወርክ በሚደክምበት ወረዳ ያለው ተማሪ ምስሉን ማየት ባይችል ጽሑፉን አውርዶ የሚያነብበት መንገድ ይኑረው። ድርጅቱ ቢዘጋ ደግሞ የተማሪው ማስረጃ አብሮት እንዳይቀበር በሌላ እጅ ይቀመጥ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና በየትም ይማር በየት ተማሪውን በአንድ ቁና ለመስፈር ይረዳል፤ ሦስት ወርና ስድስት ወር የሚፈጁት አጫጭር ትምህርቶች ግን ከእርሱ ውጭ ናቸው፤ ብዙ ገንዘብም የሚፈሰው በእነርሱ ነው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ በዚህ ጉዳይ የፈቃድ መዝገብ የሚቀርብላችሁ ወጣት ሹማምንት ትኖራላችሁ። መዝገቡ ወፍራም፥ ማኅተሙም ያማረ ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት ትምህርቱን ከጨረሱት ሦስቱን፥ አቋርጠው ከወጡትም ሦስቱን ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። የቀሩትን ለምን እንደ ቀሩ፥ የጨረሱትንም በተማሩት ምን እንደ ሠሩበት ጠይቁና መልሳቸውን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አያይዙት።