የጓዴ ሳጥን

በዚህ አምድ ስለ ማኅበር ምርጫና ስለ ስብሰባ ጭቅጭቅ ስጽፍ ከርሜ ዛሬ ስለ ውሻ ሳጥን ላወራችሁ ነው። “ሰውየው ወሬ አለቀበት” የምትሉ፣ እባካችሁ አትቸኩሉ።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት በስልክ ነው። “ጎረምሳው፣ ሜትር አለህ?” አሉኝ ጋሼ። አርባ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው ጎረምሳ ብለው የሚጠሩ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ሜትሬን ይዤ ወጣሁ።

ጋሼን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ጋዜጣ ላይ መውጣት ስለማይወዱ ስማቸውን አልጽፍም። እዚህ ኬንት፣ ኢስት ሂል ላይ፣ ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው የሚኖሩት። ታክሲ ነድተው፣ ሸለቆው ውስጥ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሌሊት ሠርተው፣ ልጆች አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ያረፉ ዓመት ልጃቸው “ብቻህን አትሆንም” ብላ እዚሁ ከተማችን ካለው የኪንግ ካውንቲ የእንስሳት መጠለያ አንድ ጥቁር ውሻ አምጥታ ሰጠቻቸው። ውሻ ደጃፍ አያልፍም ተብለው ያደጉ ሰው ናቸውና አንድ ወር ሙሉ ጋራዥ አሳደሩት። በሁለተኛው ወር ሳሎን ገባ። አሁን የት እንደሚተኛ ጠይቄ አላውቅም። ስሙን “ጓዴ” አሉት። “ከጓዶቼ ሁሉ ያልከዳኝ እሱ ነው” ሲሉ የደርግን ዘመን የሚያውቅ ይስቃል፤ ልጆቹ ግን አይገባቸውም።

እንግዲህ ጋሼ ቤታቸውን ሸጠው ጠቅልለው አገር ቤት ሊገቡ ነው። ጓዴም አብሮ ይሄዳል።

ሳጥኑን በጋራዥ ሽያጭ በሃያ ዶላር ገዝተውታል። “አዲስ ነው ማለት ይቻላል” አሉኝ እየደበደቡት። ርዝመቱ በውጭ በኩል 91 ሴንቲ ሜትር ነው። ጓዴን ወደ ውስጥ ስንጠራው ገብቶ ቆመና ወደ እኛ መዞር አቃተው፤ በመጣበት ወደ ኋላ እየሄደ ወጣ። ጋሼ ግን “ይለምደዋል” አሉ።

ልማድ አይደለም ጉዳዩ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በአጭሩ አያታ የሚባለው፣ ስሙ ከአያት ቢገጥምም እንደ አያት የሚራራ አይደለም። ውሻው ሳጥኑ ውስጥ በደንብ መቆም፣ መዞርና እንደ ልማዱ መተኛት አለበት ይላል። ልኩም በግምት አይደለም። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው ሥር ትለካላችሁ፤ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን ትለካላችሁ፤ የክርኑን ግማሽ በርዝመቱ ላይ ትደምራላችሁ፤ የሳጥኑ የውስጥ ርዝመት ከዚያ ማነስ የለበትም። ስፋቱ የትከሻው እጥፍ ነው። ከፍታው ደግሞ ቆሞ ከራሱ አናት፣ ጆሮው ቀጥ ያለ ከሆነ ከጆሮው ጫፍ፣ ከዚያ የምንጣፉ ውፍረት ይጨመርበታል። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ላሉት ዝርያዎች አሥር በመቶ ይታከላል፤ እነሱን ጭራሽ የማይጭኑ አየር መንገዶችም አሉ።

ጓዴ 76 ሆነ። ክርኑ 33፣ ግማሹ 16 ተኩል። ድምሩ 92 ተኩል። ጋሼ በስንዝር ደግመው ለኩት፤ በስንዝርም አልሆነም። “ለአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር!” አሉ፣ እኔ ያሳጠርኩት ይመስል። የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ ጉድለቱ ከዚያም እንደሚበልጥ ስነግራቸው ዝም አሉ። ይህች ኬንት እኮ እ.ኤ.አ. በ1971 ጨረቃ ላይ የተነዳችው መኪና የተሠራባት ከተማ ናት፤ ቦይንግ እዚሁ ሠርቶ፣ አጣጥፎ ነው የላካት። ጓዴ ግን አይታጠፍም።

ሌላም ጉድ ነበረው። ላይና ታቹን የሚያያይዘው የፕላስቲክ ማንጠልጠያ ነው፤ የሚፈለገው በብረት ብሎን የሚታሰር ነው። በሩ ፕላስቲክ ነው፤ የሚፈለገው ብረት ነው። ጎማ አለው፤ ጎማ መነቀል ወይም መታሰር አለበት። አየር መግቢያውም ለውጭ አገር ጉዞ በአራቱም ጎን መኖር ሲገባው ከኋላ ድፍን ነው። የመንደር ልጆች ውሻ ጭነው ሐይቅ ዳር ሲወርዱ ይበቃቸው ይሆናል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግን የሚያስመልሰው አንዱ ብቻ ይበቃል፤ ሻንጣችሁ ገብቶ፣ ቤታችሁ ተሸጦ፣ ውሻችሁን ይዛችሁ መቆም ነው።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን፣ 102 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ገዛን። ወዲያው ሳሎን አስቀምጠን በሩን አወለቅን። ምሳውን እዚያ ይበላል፣ የጋሼ አሮጌ ጋቢ ተነጥፎለታል። ውሃውን ሰሃኑ ላይ አቀዝቅዞ በረዶ አድርጎ መስቀል ጥሩ ነው፤ ሲጫን አይፈስም፣ በመንገድ ቀስ እያለ ይቀልጣል። ጋሼ “ከእንቅልፍ ክኒኔ ግማሹን ብሰጠውስ?” ብለው ነበር። በፍጹም! የተደነዘዘ ውሻ ከፍታ ላይ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል፤ ብዙ አየር መንገዶችም አይቀበሉትም። ከዳለስ እስከ ቦሌ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ጓዴ ነቅቶ ይሂድ።

ጭቅጭቁ የመጣው በሳጥኑ ሳይሆን በወረቀቱ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኢትዮጵያን የውሻ እብደት በሽታ ከሚያሰጋቸው አገሮች ተርታ አስቀምጧታል። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በወጣው ሕግ፣ እዚህ የተከተበ ውሻ ከዚያ ሲመለስ፣ ሳይነሳ በፊት ሐኪም ሞልቶት የግብርና መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀው የክትባት ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ክትባቱ እስካላለፈ ወረቀቱ ይሠራል። ያ ከሌለ፣ ክትባቱ አገር ቤት ከሆነ፣ የደም ምርመራና የማቆያ ቦታ ተይዞለት ነው የሚገባው፤ የደም ምርመራው ከሌለ 28 ቀን ይታሰራል። ሕጉ ሲወጣ ማቆያ የነበራቸው ስድስት የአውሮፕላን ጣቢያዎች ናቸው፤ የእኛ ሲታክ የለበትም።

“ይህን ወረቀት ያውጡለት” አልኳቸው።

“ለመመለሻ? ማን ሊመለስ ነው?” አሉ ተቆጥተው። “ጠቅልዬ ነው የምገባው አልኩህ። ከአሁኑ የመመለሻ ወረቀት ይዤ ምን ብዬ ነው አገሬ የምገባው?”

“ጋሼ፣ ሰማያዊ ፓስፖርትዎን ሊጥሉት ነው እንዴ?”

መልስ የለም። ቢጫ ካርዱንም አውጥተዋል፣ ሰማያዊውንም ባለፈው ዓመት አሳድሰዋል፤ ፎቶውን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።

“ላይካን ያስታውሷታል?” አልኩ። ሩሲያኖች በ1957 ወደ ሕዋ የላኳት ናት፤ መዞር በማይቻልበት ክፍል ታስራ፣ መመለሻ ሳይበጅላት።

“ደግሞ ክሩሽቼቭ አደረግኸኝ!” ብለው ሳቁ፤ ግን አልፈረሙም። እኔም አልገፋሁም።

ለምን እንደነዘነዝኳቸው ግን ልናገር። በ2014 እኔ ከአዲስ አበባ የወጣሁት በአንድ የእጅ ሻንጣ ነው። ለሦስት ቀን ስብሰባ ናይሮቢ ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ከጋዜጠኛ ጓደኞቼ ብዙዎቹ በዚያ ዓመት እንዲሁ ብለው ነው የወጡ። ግቢያችን ውስጥ ቦቢ የሚባል ውሻ ነበረኝ። ማታ ማታ ከሥራ ስመጣ ከታክሲው መውረጃ ጀምሮ ያውቀኛል። በዚያ ጠዋት ሊከተለኝ ሲል እግሬን መትቼ አስመለስኩት፤ ስለቸኮልኩ ነው። እናቴ በስልክ ስለ ሰፈሩ ሁሉ ትነግረኛለች፤ ስለ ቦቢ ያነሳችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በር ሲንኳኳ ይነሳል፣ ሰውየውን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷም አላነሳች፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ይህንን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ምናልባት ጽሑፉን ሲያነቡ ይሰሙታል።

ማክሰኞ ዕለት ደወሉ። “ሐኪሙ ጋ አድርሰኝ” አሉ። ሐኪሙ ጓዴ አንገት ሥር ያለውን ቺፕ አነበበ፤ ቺፑ ከክትባቱ በፊት የገባ መሆኑን አየ፤ ሞላ፣ ፈረመ፤ እንዲጸድቅ ተላከ። አርብ ጸድቆ ሲመጣ ጋሼ አጣጥፈው ፓስፖርቱና ቢጫ ካርዱ ካሉበት ፖስታ ውስጥ ከተቱት።

“ለውሻው ነው” አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ሃያ ዶላሯ ሳጥን እኔ ጋራዥ ውስጥ ናት። ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሥር ከ60 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ውሻ ያለው፣ ለመኪና ብቻ እንጂ ለአውሮፕላን አይሁን እንጂ፣ መጥቶ በነጻ ይውሰዳት።