ከፋዩ ዘበኛ

«እኛ እዚያ መኖራችን ራሱ ለዓሣ ነባሪዎቹ ጥበቃ ነው።» ይህን የጻፈው አንድ የሲያትል ወገናችን ነው፤ በቴሌግራም ቡድናችን ለሰመር የጀልባ ጉዞ ስም ሲመዘግብ። «ኃላፊነት የተሞላበት ጉብኝት» የምትለዋንም በደማቅ ፊደል አስቀምጧታል። ሐሳቡ የራሱ እንዳይመስላችሁ፤ የጉብኝት ድርጅቶቹ ሲሉት የቆዩት ነው። የእነሱ ጀልባ ባለበት የግል ጀልባ ነጂው ረጋ ይላል፣ ስለዚህ ጎብኚው ጠባቂ ነው ይላሉ።

ጥሩ። እኔ የማውቀው ዘበኛ ደመወዝ የሚከፈለው ነበር። የእኛ ሰው ግን ከኪሱ ዶላር ከፍሎ፣ ቢኖኩላር አንግቶ ለግማሽ ቀን ዘበኝነት ይወጣል፤ ሳንድዊቹንም ራሱ ይገዛል። የሚጠብቃቸውስ ከማን ነው? ከሌላ ጀልባ። ያ ሌላው ጀልባ ታዲያ ዓሣ ነባሪዎቹ፣ ማለትም ኦርካዎቹ፣ እዚያ መኖራቸውን በምን አወቀ? ሰው የጫነ ትልቅ ጀልባ ባሕር መሃል ቆሞ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጎን ተደርድሮ ስልኩን ሲደግን ያየ ሁሉ መሪውን ወደዚያው ያዞራል። ዘበኛው ሌባውን ራሱ ጠርቶ ካመጣ በኋላ «እኔ ባልኖርላችሁ ምን ይውጣችሁ ነበር» ይላል።

በዚህ ባሕር የደቡብ ነዋሪዎች የሚባሉት ኦርካዎች 75 ገደማ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግበዋል። የሚያድኑት በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው፤ ድምፅ ለቀው፣ የተመለሰውን ማሚቶ ሰምተው፣ ቺኑክ የሚባለውን ትልቁን ሳልመን በጨለማ ውኃ ውስጥ ያገኙታል። ሞተር ሲጮህ ይህ ጆሮ ይደፈናል። በ2021 የወጣና ገላቸው ላይ መሣሪያ ተለጥፎ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ጀልባ ከ400 ያርድ በታች ሲቀርብ በተለይ ሴቶቹ አደናቸውን ይተዋሉ። ሴቶቹ ማለት የሚያረግዙትና የሚያጠቡት ናቸው። የሚበላ ሰው ዓይን እንዳያርፍበት በነጠላ ይጋረድ የነበረበት አገር ልጆች፣ የተራበች እናት ጉርሻዋን ስትፈልግ ለማየት ትኬት እንቆርጣለን። ለእሷ ጆሮ የደግ ሰው ሞተርና የክፉ ሰው ሞተር ያው ሞተር ነው።

አዎ፣ ሳልመኑን የጨረሰው ጎብኚ አይደለም። ግድብ አለ፣ መርዝ አለ። እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

«ሕጉን አክብረን ነው የምንሄደው» ይለኛል ይኸው ወንድሜ። የትኛውን ሕግ? በ2011 የፌዴራሉ ደንብ 200 ያርድ ራቁ አለ። በ2019 ዋሽንግተን ስቴት ለደቡብ ነዋሪዎቹ 300 አደረገው፤ ከፊትና ከኋላ 400። ከ2025 መባቻ ጀምሮ ደግሞ 1000 ያርድ ሆኗል፤ ከ900 ሜትር በላይ ማለት ነው። እንግዲህ 200 ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳውም ሕግ አክባሪ ነበር፣ 300 ላይ የቆመውም እንደዚያው። ርቀቱ በየጊዜው የተራዘመው የትናንቱ ጨዋ ጎብኚ ከመጠን በላይ ቀርቦ እንደነበር ስለታወቀ ነው። እስካሁን ግን ይቅርታ የጠየቀ ዘበኛ አልገጠመኝም። ዛሬ ጀልባዎቹ በአብዛኛው የሚያሳዩት የባሕር አንበሳ የሚበሉትን ሌሎቹን ኦርካዎችና ሃምፕባክ የሚባሉትን ዓሣ ነባሪዎች ነው፤ እነሱ ዘንድ ቀረብ ማለት ይቻላላ። ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ሩቅ ሲሆኑበት ዘበኛው በር ቀየረ።

ያ ወገናችን ማሳመኛ ብሎ በቡድኑ የለጠፈው ፎቶ የታሌኳ ነው፤ በ2018 የሞተች ግልገሏን 17 ቀን ተሸክማ የዋኘችው እናት ኦርካ። ከፎቶው ሥር የሚያለቅስ ፊት አለ። ከሚያለቅሰው ፊት ሥር የዋጋ ዝርዝር አለ፦ አዋቂ ይህን ያህል፣ ሕፃን ይህን ያህል። አላፈረም።

ከተለጠፈው ሁሉ ያመንኳት አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ዓሣ ነባሪ ካላያችሁ ሌላ ቀን በነፃ ትሄዳላችሁ» የምትለዋ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። አሳያለሁ ብሎ ቃል የሸጠ ካፒቴን ባዶ እጁን መመለስ ኪሳራው ነው። ስለዚህ ከባልደረቦቹ ጋር ይጠያየቃል፣ ያስሳል፣ ደርሶም ይቆማል። እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ሰው ለማን ነው ዘብ የቆመው? ለኦርካዋ ነው ወይስ ለትኬቱ?

የባሕሩ ዳርቻ ግን ቃል አይገባም። በመኸር፣ ሳልመን ተከትለው ወደ ፒውጀት ሳውንድ ሲዘልቁ፣ ከምዕራብ ሲያትል ከአልካይ ዳርቻ ሆነው የሚያዩአቸው ሰዎች አሉ፤ ከሲያትሉ ሬኒየር አቬኑ ሰፈር ብዙም አይርቅም። ራቅ ልበል ያለ በፌሪ ወደ ሳን ዋን ደሴት ተሻግሮ ላይም ኪልን በሚባለው ፓርክ፣ በባሕር መብራት ማማው ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ከፈለጉ ራሳቸው ይጠጋሉ።

«ባይመጡስ?» አለኝ ወንድሜ። ባይመጡ አልመጡም፤ የፔርሙዙ ቡና ተጠጥቶ ወደ ቤት ነው።